ጃሚዕ እና ማኒዕ፦ በአውቶካድና በስኬችአፕ አጥርቶ ስለ መምረጥ



በዚህ ዕትም ትንሽ ስለሚመስል ነገር ልንጽፍ ነው። በአውቶካድና በስኬችአፕ ስንሠራ የምንፈልገውን ነገር ስለ መምረጥ፣ በተማሪው ቋንቋ «ሴሌክት ስለ ማድረግ» ነው። ላይን መሳል፣ ክብ መሳል፣ ግድግዳ ማቆም ሁላችንም በድሮዊንግ ኮርስ ተምረናል። ሥራው ውስጥ ስንገባ ግን አብዛኛው ጊዜያችን የሚያልቀው ሌላ ቦታ ነው። አንድን ፕላን አንዴ እንስለዋለን፤ ከዚያ በኋላ ደጋግመን እናርመዋለን። አማካሪው መምህር ኮለኑን አሳድጉት ይላል። የሳኒተሪውን ክፍል የያዘው ጓደኛችን የመጸዳጃ ቤቱ በር ይዙር ይላል። ለማረም ደግሞ አስቀድሞ የሚታረመውን መያዝ ያስፈልጋል። ሙቭም ይሁን ኮፒ፣ ኢሬዝም ይሁን ስኬል ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቁን «የትኛውን?» ብለው ነው።

ነሕው ወይም መንጢቅ የቀራችሁ፣ ኡስታዞቻችን ስለ ተዕሪፍ የሚሉትን ታስታውሳላችሁ። ጥሩ ተዕሪፍ ጃሚዕና ማኒዕ መሆን አለበት። ጃሚዕ ማለት የተፈለጉትን በሙሉ የሚሰበስብ ነው፤ ማኒዕ ደግሞ ያልተፈለገው እንዳይገባ የሚከለክል። ኢስምን «ትርጉም ያለው ቃል» ብለን ብንገልጸው ፊዕልም ዘው ብሎ ይገባል፤ ስለዚህ ማኒዕ አይደለም። «የሰው መጠሪያ» ብንለው ደግሞ ስንቱ ኢስም ውጭ ይቀራል፤ ጃሚዕ አይደለም። በአውቶካድ የምንመርጠው ስብስብም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። የሚቀጥሉትን መሣሪያዎች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እያየናቸው እንሄዳለን።

ጉዳዩ ከፍጥነትም በላይ ነው። ባለ 4 ፎቅ መኖሪያ ቤት ይዘናል፣ በአንዱ ፎቅ ፕላን ላይ 30 ኮለን አለ እንበል። ከእነዚህ 4ቱ ኮፒ ሲደረጉ ሳይታወቅ ሁለት ጊዜ ተደርበዋል። ዓይን የሚያየው 30 ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲቆጥር ግን 34 ይላል። ኮለኑ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነ አንዱ 0.48 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። አራቱ ትርፎች 1.92 ሜትር ኩብ ናቸው። ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብንይዝ 691 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ባለ 50 ኪሎ 14 ከረጢት ማለት ነው። ይህ በአንድ ፎቅ ብቻ ነው። አሸዋው፣ ጠጠሩና ፌሮው ገና አልተቆጠሩም። ይህ ማኒዕ ያልሆነ ምርጫ ነው።

ጃሚዕ ያልሆነው ደግሞ ይብሳል። ከ30ዎቹ ሁለቱ በሌላ ሌየር ላይ ተስለው ነበር እንበል። ኮለኖቹ በሙሉ ወደ 50 በ50 ሲቀየሩ እነዚያ ሁለቱ ሳይመረጡ ቀርተው በ40 በ40 ታተሙ። ሳይት ላይ ያለው ሰው የሚሠራው የታተመውን ነው። እዚያ ጋ የሚጎዳው ኪስ ብቻ አይሆንም።

ሳጥኑ ከየት ይጀምራል?

አውቶካድ ላይ ባዶ ቦታ ክሊክ አድርገን የምንዘረጋው ሳጥን አቅጣጫው ትርጉም አለው። ከግራ ወደ ቀኝ ከሄድን ሳጥኑ ሰማያዊ፣ ጠርዙም ያልተቆራረጠ መስመር ይሆናል። ይህ ዊንዶው ይባላል፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ የገባውን ብቻ ይይዛል። ከቀኝ ወደ ግራ ከሄድን አረንጓዴ ይሆናል፣ ጠርዙም የተቆራረጠ። ይህ ክሮሲንግ ነው፤ የገባውንም፣ ጫፉን ብቻ የነካውንም ይይዛል። ለማስታወስ ቀላል ነው። እንደ አማርኛ ከሄዳችሁ ዊንዶው፣ እንደ ዐረብኛ ከሄዳችሁ ክሮሲንግ።

ዊንዶው ወደ ማኒዕ ያደላል፣ ክሮሲንግ ወደ ጃሚዕ። አንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለውን አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ ማንሳት ስንፈልግ ዊንዶው እንዘረጋለን። ሳጥናችን ግድግዳውን ቢያቋርጠውም እንኳ ግድግዳው ሙሉ በሙሉ ስላልገባ አይነካም። ይህን የማያውቅ ሰው ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ክሊክ ሲያደርግ ይቆያል። ክሮሲንግ ደግሞ ያለ እርሱ የማይሆንባቸው ሥራዎች አሉት። ስትሬች ከእነዚህ አንዱ ነው። አንድን ክፍል በ50 ሴንቲ ሜትር ማስፋት ስንፈልግ የሚንቀሳቀሰውን ግድግዳ በክሮሲንግ እንይዛለን። ሳጥኑ ያቋረጣቸው መስመሮች ይለጠጣሉ፤ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ያሉት ደግሞ ሳይለጠጡ አብረው ይሄዳሉ። በዊንዶው ይዞ «ስትሬች አልሠራ አለኝ» የሚል ተማሪ በየላቡ አይጠፋም። ትእዛዙ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው የሳጥኑ አቅጣጫ ነው።

ከ2015ቱ ዕትም ወዲህ ላሶ የሚባል መጥቷል። ማውሱን ተጭነን ሳንለቅ ከጎተትን በሳጥን ፈንታ እንደ ገመድ የሚጠማዘዝ ቅርጽ ይወጣል። ጎትተን እያለን ስፔስ ባር ስንነካ ከዊንዶው ወደ ክሮሲንግ፣ ከዚያም ወደ ፌንስ ይቀያየራል። ለተጣመመ ቦታ ጥሩ ነው። ሳይፈልገው እየመጣ የሚያስቸግረው ሰው ክሊክ አድርጎ ይልቀቅ፣ ወይም ኦፕሽንስ ውስጥ ሴሌክሽን የሚለው ገጽ ላይ ገብቶ ያጥፋው።

የላብ ኮምፒውተሮች ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ከ2018ቱ ዕትም በፊት የነበረው አውቶካድ ሳጥን ዘርግተን ዙም ወይም ፓን ስናደርግ ከስክሪኑ የወጣውን ነገር በምርጫው ውስጥ አያስቀርም ነበር። ቤት ውስጥ አዲስ ዕትም ለምዶ ላብ ውስጥ አሮጌ የሚገጥመው ሰው ትልቅ ፕላን ላይ «ሁሉንም ይዣለሁ» ብሎ የስክሪኑን ብቻ ሊይዝ ይችላል። በአሮጌው ላይ መጀመሪያ ሙሉው እንዲታይ ዙም አውት አድርጉ።

ትእዛዙ ሲጠይቅ የሚመለሱ ፊደሎች

ሙቭ ብለን ኢንተር ስንነካ አውቶካድ ዕቃ ምረጡ ይላል። ብዙዎቻችን ያኔ ወዲያው ወደ ማውስ እንሄዳለን። በኪቦርድ መመለስ ግን ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም ይፈጥናል። ኤፍ ካልን ፌንስ ነው፤ መስመር እየሳልን እንሄዳለን፣ መስመሩ የቆረጠውን ሁሉ ይይዛል። ደረጃ ላይ የተደረደሩትን መስመሮች በአንድ ጭረት ለመያዝ ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ፒ ካልን ቀደም ብለን የመረጥነውን ስብስብ መልሶ ያመጣል። ኮፒ ያደረግነውን ቡድን መልሰን ማዞር ብንፈልግ እንደገና መልቀም የለብንም። ኤል የመጨረሻውን የተሳለ ነገር ይይዛል።

ከሁሉም የሚረሳው አር ነው። ማስወገጃ ነው፤ ከያዝነው ውስጥ የማይፈለገውን እየነካን እናወጣለን፣ ኤ ስንል ደግሞ ወደ መጨመር እንመለሳለን። ሺፍት ይዞ ክሊክ ማድረግም ያው ነው። ከዚህ የሚገኘው የሥራ ዘዴ ጥሩ ነው። መጀመሪያ በክሮሲንግ በሰፊው ጃሚዕ አድርጎ መሰብሰብ፣ ከዚያ በአር እያወጡ ማኒዕ ማድረግ። ሃምሳ ነገር ካለበት ቦታ አርባ ስድስቱን ለመያዝ አራቱን ማውጣት ይቀላል።

ኦል የሚለው መልስ ግን ወጥመድ አለው። ሁሉንም ምረጥ ስንለው ኦፍ የተደረጉ ሌየሮች ላይ ያለውንም ይመርጣል። ፍሪዝ የተደረጉትንና የተቆለፉትን ግን ይተዋል። ስለዚህ የፈርኒቸሩን ሌየር ኦፍ አድርጎ «የሚታየውን በሙሉ ልሰርዝ» ብሎ ኢሬዝ፣ ኦል ያለ ሰው የማይታየውንም ሰርዟል። ፋይሉን ሴቭ አድርጎ ከወጣ በኋላ ነው የሚያውቀው። ሌየሩን ከምርጫ ማራቅ ከፈለጋችሁ ፍሪዝ አድርጉት ወይም ቆልፉት።

ስለ ተደራረቡ ነገሮችም አንድ ቃል። ሁለት መስመር አንዱ በአንዱ ላይ ካረፉና የታችኛውን ከፈለግን ሺፍት ይዘን ስፔስ ባር ስንነካ ተራ በተራ ያሳየናል። ኮንትሮልና ደብሊው ደግሞ ክሊክ ባደረግን ቁጥር የተደራረቡትን በዝርዝር የሚያወጣ መስኮት ያበራል። ድርብርቡን በሙሉ ለማጽዳት ኦቨርኪል አለ። በላይ የተጠቀሱት አራት ትርፍ ኮለኖች መድኃኒታቸው ይኸው ነው። ቴክ ኦፍ ከመሥራታችን በፊት ኦቨርኪል ማድረግ ልማዳችን ቢሆን መልካም ነው። 2022 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ዕትም ያለው ደግሞ ካውንት የሚለውን ትእዛዝ ይሞክር፤ ብሎኮችን ቆጥሮ በሰንጠረዥ ያስቀምጣል፣ ተደርበው የተገኙትንም ጠቁሞ ያሳያል።

በመልክ ሳይሆን በባሕርይ መምረጥ

ሳጥንና ፌንስ ሁለቱም በቦታ የሚመርጡ ናቸው። የምንፈልገው ነገር በፕላኑ ላይ የተበተነ ሲሆን ቦታ አይጠቅመንም፤ በባሕርዩ መጥራት አለብን። ለዚህ ዋናው መሣሪያ ኪውሴሌክት ነው። መስኮቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሙሉው ስዕል ወይስ አሁን ከተመረጠው ውስጥ ብሎ ነው። ቀጥሎ የነገሩን ዓይነት፣ ቀጥሎ ባሕርዩን፣ ከዚያ እኩል፣ እኩል ያልሆነ፣ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ የሚለውን፣ በመጨረሻም ዋጋውን እንሞላለን። ክብ፣ ሬዲየስ፣ እኩል፣ 0.15 ብንለው 30 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያላቸውን ክብ ኮለኖች በሙሉ ያነሳል፤ ስዕሉ በሜትር የተሳለ ከሆነ ነው እንግዲህ። በሚሊ ሜትር ከሆነ 150 ነው። ጽሑፍ፣ ቁመት፣ የሚያንስ ብንለው ሲታተሙ የማይነበቡትን ደቃቅ ጽሑፎች ያወጣል።

ታች በኩል ያለችው ምርጫ ተገቢውን ትኩረት አታገኝም። የተገለጸውን አካት ወይስ አግልል ትላለች። አግልል ካልነው የገለጽነውን ትቶ ሌላውን በሙሉ ይይዛል። «ከኮለን ሌየር ውጭ ያለው ሁሉ» ማለት ስንፈልግ አሥር ሌየር ከመዘርዘር ይገላግላል። በጣም የምንወደው አጠቃቀም ግን ሁለቱን ማጋባት ነው። መጀመሪያ የአንዱን ብሎክ አካባቢ በዊንዶው እንይዛለን፤ ከዚያ ኪውሴሌክትን አሁን ከተመረጠው ውስጥ እንለዋለን። ቦታና ባሕርይ በአንድ ላይ ሲገልጹ ተዕሪፉ ይጠብቃል።

ኪውሴሌክት ጃሚዕ የማይሆንበት አንድ ቦታ አለ። ብሎክ ውስጥ አይገባም። በብሎክ ውስጥ የተሸጎጠ ክብ በክብነቱ ሲጠራ አይወጣም፤ የሚወጣው ብሎኩ በስሙ ሲጠራ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ፕላን ተቀብለን ስንቆጥር ይህን ካላሰብን ቁጥራችን ጎዶሎ ነው።

ሴሌክት ሲሚላር ከዚህ ይቀላል። አንዱን ነገር መርጠን በቀኝ ክሊክ «መሰሎቹን» እንለዋለን። ለመሆኑ ለእርሱ መምሰል ማለት ምንድን ነው? ማንም ካልነካው ዓይነቱ አንድ የሆነ፣ ሌየሩም አንድ የሆነ፣ ስም ላለው ነገር ደግሞ ስሙ አንድ የሆነ ማለት ነው። የክቡን ስፋት አያይም። ስለዚህ በአንድ ሌየር ላይ ባለ 30 እና ባለ 40 ሴንቲ ሜትር ክብ ኮለኖች ካሉ አንዱን ይዘን መሰሎቹን ስንል ሁለቱንም ዓይነት ያመጣል። ቀለምን፣ የመስመር ዓይነትንና ሌሎችንም እንዲመለከት በትእዛዙ ውስጥ ሴቲንግስ ከሚለው ማስተካከል ይቻላል፤ መጠንን ግን እዚያም አታገኙትም። በመጠን ለመለየት ወደ ኪውሴሌክት መመለስ ነው። ፊልተር የሚባለው ትእዛዝ ደግሞ «ወይም»ና «እና»ን እያጋጠመ ረጅም መስፈርት ይቀበላል፣ በስም አስቀምጦም ለሌላ ጊዜ ያቆያል። መስኮቱ ያረጀና አሰልቺ ስለሆነ የሚወደው ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ስዕሉ ተለይቶ እንዲጠራ ሆኖ ከተሳለ ነው። ሁሉንም ነገር ዜሮ ሌየር ላይ ስሎ ቀለሙን በእጅ የቀየረ ሰው ግድግዳውን ከመስኮቱ የሚለይበት ባሕርይ አልተወለትም። ኮለኑን በአራት የተበታተኑ ላይኖች ከመሳል ሬክታንግል አድርጎ፣ ሬክታንግሉንም ስም ሰጥቶ ብሎክ ማድረግ ምርጫውን በአንድ ቃል ይጨርሰዋል። መጠኑ ሲቀየርም የብሎኩን ትርጉም አንዴ መቀየር ሁሉንም ይቀይራል፤ በአሮጌው መጠን የሚቀር አይኖርም። በቡድን የመመረቂያ ፕሮጀክት የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን የሌየር ስሞችን ተስማሙ። አንዱ «ኮለን»፣ ሌላው «ኮለኖች»፣ ሦስተኛው «ሲ 1» ብሎ ከጀመረ ፋይሎቹ የተገናኙ ቀን የምትከፍሉት ዕዳ ነው፤ ያ ቀን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከማስረከቢያው ዋዜማ ላይ ይውላል።

ተጨማሪ መሣሪያዎች

ፕለጊን ፍለጋ ከመውጣታችን በፊት በእጃችን ያለውን እንይ። ሙሉው አውቶካድ ሲጫን ኤክስፕረስ ቱልስ የሚባል አብሮ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ፋስት ሴሌክት አለ፤ ኤፍ ኤስ ብለን እንጠራዋለን። አንድ መስመር ስንነካ እርሱን የሚነኩትን ሁሉ ይይዛል። ኤፍ ኤስ ሞድ የሚለውን ካበራን ደግሞ የነኩትን የነኩትንም እያለ በሰንሰለት እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የውሃ መስመር ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ለሚስሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰንሰለቱ መሀል ላይ ከተቋረጠም መስመሮቹ ያልተገናኙበት ቦታ አለ ማለት ስለሆነ ስህተት መፈለጊያም ይሆናል። ጌት ሴሌክሽን ሴት የሚለው ደግሞ ሌየርና የነገር ዓይነት ጠይቆ ሁለቱን የሚያሟላውን ብቻ ይሰበስባል።

ከዚህ ያለፈውን በአውቶሊስፕ መጻፍ ይቻላል። አውቶሊስፕ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አውቶካድ ውስጥ ያለ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ አውቶካድ ኤልቲ ያገኘው በ2024ቱ ዕትም ነው። በውስጡ ኤስኤስጌት የሚባል ተግባር አለ። ሥራው መምረጥ ብቻ ነው። «ከሙሉው ስዕል፣ ዓይነቱ ክብ፣ ሌየሩ ኮለን የሆነውን» የሚል መስፈርት በአንድ መስመር ይቀበላል። የፕሮግራሚንግ ኮርስ የወሰደ ተማሪ በሳምንት መጨረሻ ሊለምደው ይችላል። በየሳምንቱ የምትደግሙት ምርጫ ካለ መስመሩን በፋይል አስቀምጣችሁ በአፕሎድ ትእዛዝ ስትጭኑት የራሳችሁ ፕለጊን ሆነ። ፈጣን ሆኖ መገኘት ከፈለግን ከሃያ የሰው ፕለጊን ይልቅ አንድ ራሳችን የጻፍነው ይጠቅመናል የሚል አቋም አለን።

ስኬችአፕ ላይ የምርጫው ጠባይ ለየት ይላል። የሳጥኑ አቅጣጫ ሕግ ያው ነው፤ ከግራ የተጀመረው ሙሉ በሙሉ የገባውን፣ ከቀኝ የተጀመረው የተነካውንም ይይዛል። የክሊክ ቁጥር ግን እዚህ ትርጉም አለው። አንድ ገጽ ላይ አንዴ ክሊክ ገጹን ብቻ፣ ሁለቴ ገጹንና ዙሪያውን ያሉትን ጠርዞች፣ ሦስቴ ደግሞ ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ይይዛል። ኮንትሮል ይጨምራል፣ ሺፍት ያለውን ያወጣል የሌለውን ያስገባል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ይቀንሳሉ።

ሦስቴ ክሊክ ማድረግ ራሱ ጥሩ ምርመራ ነው። ጠረጴዛውን ሦስቴ ነክተን ወለሉና ግድግዳው አብሮ ሰማያዊ ከሆነ ጠረጴዛው ከወለሉ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ስኬችአፕ ውስጥ የተነካካ ቅርጽ ይጣበቃል፤ ለዚያ ነው እያንዳንዱ ነገር ተስሎ እንዳለቀ ግሩፕ፣ የሚደጋገም ከሆነ ደግሞ ኮምፖነንት መሆን ያለበት። ከዚያ በኋላ አንድ ክሊክ ይበቃል። በቀኝ ክሊክ ሴሌክት የሚለው ውስጥ ደግሞ በአንድ ማቴሪያል የተቀባውን ወይም በአንድ ታግ ላይ ያለውን ሁሉ መጥራት ይቻላል፤ ታግ ማለት እስከ 2020 ዕትም ድረስ ሌየር ይባል የነበረው ነው።

የስኬችአፕ ፕለጊኖች በሩቢ ቋንቋ የሚጻፉ ናቸው። ለምርጫ ሴሌክሽን ቶይስ የሚባለውን እንመክራለን፤ የጻፈው ቶምቶም በሚል ስም የሚታወቀው ገንቢ ነው። ከያዝነው ክምር ውስጥ ጠርዞችን ብቻ፣ ገጾችን ብቻ ወይም ግሩፖችን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይለቃል። የአውቶካድ ፕላን ወደ ስኬችአፕ አስገብተን በሺዎች የሚቆጠር ቁርጥራጭ መስመር ሲገጥመን ጥቅሙ ይታያል። የዚሁ ሰው ክሊንአፕ ደግሞ የማያስፈልጉ ጠርዞችንና ጥቅም ላይ ያልዋሉ ነገሮችን ያጸዳል። ፕላኑን ከማስገባታችን በፊት አውቶካድ ላይ ኦቨርኪል ብናደርግ ግን ግማሹ ራስ ምታት እዚያው ይቀራል። በብራውዘር የሚከፈተው ነጻው ስኬችአፕ ፕለጊን እንደማይቀበልም ከወዲሁ እወቁት።

ከየት እናምጣ?

በፍላሽና በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ፕለጊኖችን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ሜድሬ የተሰኘ ተባይ ፕሮግራም መገኘቱን አስታወቀ። የተጻፈው በዚያው በአውቶሊስፕ ነበር። በብዛት የተሰራጨው በፔሩ ሲሆን የተጠቂዎቹን ስዕሎች ቻይና ውስጥ ወዳሉ የኢሜይል አድራሻዎች ይልክ ነበር። መንገዱ ቀላል ነበር። ከስዕሉ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ይላካል፤ ስዕሉ ሲከፈት አውቶካድ የራሱ መነሻ ፋይል መስሎት ይጭነዋል። ከዚያ በኋላ አውቶካድ ከ2014ቱ ዕትም ጀምሮ ካልታመነ ፎልደር የሚመጣ ፕሮግራም ሲጫን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ሆኗል። ማስጠንቀቂያውን ግን «ሁልጊዜ ጫን» ብሎ የሚያልፈው ያው ተማሪው ነው።

የሊስፕ ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከመጫናችሁ በፊት በኖትፓድ ክፈቱት። ሁሉንም ባትረዱት እንኳ «ምርጫ» የተባለ ፕሮግራም ስለ ኢሜይል ወይም ፋይል ስለ መሰረዝ የሚያወራ ከሆነ ይታወቃል። ተጠቅልሎ የተዘጋውን ዓይነት፣ ስሙ በኤፍ ኤ ኤስ ወይም በቪ ኤል ኤክስ የሚያልቀውን፣ እንዲህ ማንበብ አይቻልም፤ የላከውን ሰው የማታውቁት ከሆነ ተዉት። የሰው ስዕል በዚፕ ሲደርሳችሁም ስዕሉን ብቻ አውጡ፤ አብሮት የመጣ እንግዳ ፋይል ካለ አትንኩት።

ክራክ የሆነውን በተመለከተ የሐቁን ጉዳይ ለዑለማዎቻችን እንተወው። እኛ የምንለው አያስፈልግም ነው። አውቶዴስክ ተማሪነቱን ላረጋገጠ ሰው ሙሉውን አውቶካድ ለአንድ ዓመት በነጻ ይሰጣል፣ ተማሪ እስከሆነ ድረስም በየዓመቱ ይታደሳል። ሴሌክሽን ቶይስም ከስኬችአፕ ኤክስቴንሽን ዌርሃውስ ያለ ክፍያ ይገኛል። ለመመዝገብ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ወይም የተማሪ መታወቂያ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ስማችሁም መታወቂያው ላይ በተጻፈበት ፊደል አንድ በአንድ ይመዝገብ። ሙሐመድን አንዱ ጋ በኦ፣ አንዱ ጋ በዩ መጻፍ ምዝገባውን እንዳያሰናክልባችሁ።